ለሩቁ ሰርቨር መስኮት ይከፈትለት

ሰሞኑን በሠልጣኞች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም ከእኛ ርቆ የተቀመጠውና በቤተ ሙከራ የምንለማመድበት የሊኑክስ ሰርቨር ዴስክቶፕ ይጫንበት ወይስ እንደ እስከ ዛሬው በጥቁሩ ገጽ ላይ ትእዛዝ እየጻፍን እንቀጥል የሚል ነው። በበኩሌ ይጫን ከሚሉት ወገን ነኝ።

ተቃዋሚዎቹ «ሰርቨር ስክሪን ምን ያደርግለታል? ትእዛዝ መጻፍ ያልቻለ ሊኑክስ አላወቀም» ይላሉ። ሐሳባቸው መሠረት የለውም አልልም። ቀላል የሚባለው ኤክስኤፍሲኢ እንኳ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ራም ይወስዳል። አንድ ጊጋባይት ራም ባለው ሰርቨር ላይ ሃያ ሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ዴስክቶፕ ይክፈት ማለት፣ ኧረ የማይሆን ነው! ተራ መግባት ግድ ይሆናል።

ነገር ግን እኛ የምንሠለጥነው ለመምህርነት ነው። ነገ የትምህርት ዕቅድ የምንጽፈው በአማርኛ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢገባም፣ በጥቁሩ ገጽ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እየተደራረበ ለዓይን ያስቸግራል። የሊኑክስ ኮንሶል ራሱ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ መያዝ አይችልም። ዴስክቶፕ ከተጫነ፣ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያው ከተጨመረ፣ ሰንጠረዡም ጽሑፉም በወጉ ይታያል።

ዋናው ነገር ግን መብራት ነው። ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ ያለ ሰው፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ምን እንደሚሆን አይነገረውም። በቪኤንሲ ስንሠራ ግን ሥራው የሚካሄደው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። እኛ ጋ ቢጨልም ሰርቨሩ አይሰማም። መብራቱ ሲመለስ ገብተን ያቋረጥነውን ዐረፍተ ነገር እንቀጥላለን። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ፣ ምስሉ ሌላ ቦታ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤም.አይ.ቲ. ላይ የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ያረጁት ኮምፒውተሮቻችንም ምስል ማሳየት ከቻሉ ይበቃሉ ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ሲንቀረፈፍ አይጡ ዘግይቶ መከተሉ አይቀርም፤ የቀለም ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ትንሽ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የቪኤንሲ በር፣ 5901 የሚባለው፣ ለዓለም ክፍት ሆኖ መተው የለበትም። የተለመደው የቪኤንሲ የይለፍ ቃል ከስምንት ፊደል በላይ ያለውን አይቆጥርም፤ ምስሉም አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሰጠር ያልፋል። ስለሆነም በኤስኤስኤች ውስጥ ብቻ ይለፍ። የሠልጣኞች ውጤት በሚቀመጥበት ሰርቨር ላይ ደግሞ ዴስክቶፕ ጭራሽ አይጫን።

ትእዛዝ ይረሳል ለሚሉት፣ ዴስክቶፑ የሚጫነው በምን ሆነና? ኤስኤስኤቹም፣ ጭነቱም፣ በር መዝጋቱም ያው በትእዛዝ ነው። መምህራኖቻችን ከፈቀዱ መጫኑን ለእኛ ይተዉልን፤ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንሥራው፤ የጻፍነውንም ትእዛዝ እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈው።