የመድኃኒት መደብን ማወቅ ስም ከመሸምደድ ያልፋል

ብዙ የነርሲንግ ተማሪዎች የመድኃኒት መደቦችን የሚለዩት በስም መጨረሻ ነው። «ኦሎል» ቤታ ብሎከር፣ «ፕሪል» ኤሲኢ ኢንሂቢተር፣ «ዲፒን» ካልሲየም ቻናል ብሎከር እየተባለ ይሸመደዳል። ዘዴው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው የጄኔሪክ ስሞች ሥርዓት፣ ተቀራራቢ መድኃኒቶች የጋራ የስም ክፍል እንዲኖራቸው ያደርጋል። ይሁን እንጂ መጨረሻ ብቻውን ያሳስታል፤ ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ሲቀንስ አሪፒፕራዞል ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ አንድ ተማሪ መደቡን ዐወቀ የሚባለው ሦስት ጥያቄዎችን ለታካሚው በአማርኛ መመለስ ሲችል ነው፦ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? ከመስጠት በፊት ምን ይታያል? ከተሰጠ በኋላስ ምን ይጠበቃል?

ጉዳዩ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ አንድ ታካሚ ከጤና ጣቢያ፣ ከግል ክሊኒክና ከውጭ ከመጣ ዘመድ መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ አምሎዲፒን የተሰጣቸው እናት፣ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ኖርቫስክ ደርበው ቢወስዱ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወሰዱ ማለት ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ኦግመንቲን ሲታዘዝለት ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ በውስጡ አሞክሳሲሊን እንዳለ የንግድ ስሙ አይናገርም። ነርሷ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ስሕተቱን ልታርም የምትችል የመጨረሻዋ ባለሙያ ናት።

ታካሚዎቻችን ሁሉንም «የግፊት ኪኒን» ይሏቸዋል። ኪኒኖቹ ግን አንድ አይደሉም። ፕሮፕራኖሎል ከመሰጠቱ በፊት የልብ ምት ይቆጠራል፣ አስም መኖሩም ይጠየቃል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያስከትል ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ፉሮስማይድ ሽንት ስለሚያበዛ ጠዋት መውሰድ ይመረጣል፤ የፖታሲየም መጠንንም ሊቀንስ ይችላል። ሳሉን ወይም እብጠቱን አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ሌላ በሽታ ያዘኝ ብሎ ኪኒኑን በገዛ እጁ ሊያቋርጥ ይችላል።

መማሪያ መጻሕፍቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ በአማርኛ ማስረዳት ጊዜ ያባክናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ መጠናቱ ተገቢ ነው፤ ትእዛዙም መዝገቡም የሚጻፈው በዚያው ነውና። ነገር ግን የደም ሥር እንዴት እንደሚሰፋ ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ቃሉን እንጂ አሠራሩን አልያዘም። ማስረዳቱ ራሱ ጥናት ነው።

ስለዚህ በተግባር ልምምድ ላይ ቀላል ልማድ እንዲጀመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪው በዕለቱ ከሚሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱን መደብ መርጦ፣ መምህሩን እንደ ታካሚ ቆጥሮ ሦስቱን ጥያቄዎች በአማርኛ ይመልስ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም። መልሱ ሲደናቀፍ መምህሩ ጉድለቱን ከታካሚው አልጋ አጠገብ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያገኘዋል።