ቀን የሚተኛ የትዳር ጓደኛ

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው በብዙ ቤት እንደ ሰነፍ ይታያል። “ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ እስካሁን ተኝቷል?” ይባላል። የትዳር ጓደኛችሁ ባቡር የሚያሽከረክር ከሆነ ግን ይህ አስተሳሰብ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013፣ እሑድ ማለዳ፣ በኒውዮርክ ከተማ አንድ የመንገደኞች ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ጠመዝማዛ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲደርስ ከሐዲዱ ወጣ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ60 በላይ ቆሰሉ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት አሽከርካሪው እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከ2 ሳምንት በፊት የሥራ ሰዓቱ ከከሰዓት በኋላ ወደ ማለዳ ተዛውሯል። ከአደጋው በኋላ ሲመረመርም ስሊፕ አፕኒያ የተባለ፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ሕመም ተገኘበት። በዚያ ፍጥነት ባቡር በ5 ሴኮንድ ብቻ ከ180 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ “ጠንከር በል” የሚለው ምክር እንቅልፍን አያሸንፍም።

በአሜሪካ ሕግ የጭነት ባቡር ሠራተኛ በተከታታይ ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም። ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊትም ቢያንስ 10 ሰዓት ያርፋል፤ ድንገተኛ ችግር ካልሆነ በቀር ኩባንያው በስልክ እንኳ አይረብሸውም። ይሁን እንጂ ሕግ ሰዓቱን ይሰጣል እንጂ አያስተኛም። የሚተኛው ቤቱ ነው።

ታዲያ ባለትዳሮች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የእንቅልፉን ሰዓት ተነጋግራችሁ ወስኑ። መጋረጃው ይዘጋ፣ ስልኩ ይጥፋ፣ ልጆች ሌላ ክፍል ይጫወቱ። እንግዳ ሲመጣ “ተኝቷል” ማለት ነውር አይደለም። የቤት ኪራዩና የዘመድ ጉዳይ እስኪነሣ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ አዳምጡ። ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ የሚሰማው አጠገቡ የተኛው ነው። በኃይል ካንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ በመታፈን ከባነነ፣ ተኝቶም ቀኑን ሙሉ ካንቀላፋ፣ በማንኮራፋቱ አትሳቁ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሌሊት አየር በሚሰጥ መሣሪያ ሊታከም ይችላል።

ሦስተኛ፣ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ቡና ለጥቂት ሰዓት ያነቃል እንጂ ያልተኛችሁትን አይተካም። ድካም ሲጸናባችሁ ሳታፍሩ ለአለቃችሁ ተናገሩ። ከኋላችሁ በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች ተቀምጠዋል፤ እነርሱንም ቤት የሚጠብቃቸው ሰው አለ።