የምግብ ቤት መጋረጃ ከፀሐይ ነው ወይስ ከሰው?

ሌሎች ስለ ትልልቅ ነገር በሚጽፉበት ገጽ ላይ እኔ ስለ መጋረጃ መጻፌ የሚያስቃቸው ጓደኞች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይሣቁ። እኔ ግን ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ በየምግብ ቤቱና በየሻይ ቤቱ መስኮት ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ሐሳብ ሆኖብኛል። ምክንያቱም ከጥፋቱ ተካፋዮች አንዱ እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት አላት፤ ስምንት ጠረጴዛ፥ አንድ የቡና ረከቦት፥ ወደ ምዕራብ የዞረ አንድ ሰፊ መስኮት። በበጋ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ፀሐይ በዚያ መስኮት እየገባች የደንበኛውን ዓይን ትወጋለች። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወደ ጓዳው ግድግዳ ይሸሻል፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ባዶአቸውን ይቀራሉ። «አንተ የተማርክ አይደለህ? ሂድና የሚሆነውን መጋረጃ ምረጥልኝ» ብላ ገንዘብ ቈጥራ ሰጥታ ወደ መርካቶ ላከችኝ። እኔም የተማርኩ ነኝና መልኩን እንጂ ሌላውን ሳልጠይቅ ወፍራም ቀይ ከፋይ ጨርቅ አስለክቼ መጣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የተመሰገንኩትን ያህል በሕይወቴ ተመስግኜ አላውቅም። «ትልቅ ሆቴል መሰለ» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ጨለመና መብራት ከጧት እስከ ማታ ይበራ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት መጋረጃው የቁሌቱን፥ የዕጣኑንና የቡናውን ጢስ ሁሉ ጠጥቶ፥ ቤቱ ገና በር ሲከፈት የትናንቱን ወጥ ይሸት ጀመር። ልጠበው ቢሉት ሁለት ሰው አንሥቶ የማይጨምቀው ሆነ፤ ለመድረቅም ሦስት ቀን ፈጀ። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሙቀቱ አለመቀነሱ ነው። ዓይን የሚወጋው ብርሃን ሄደ፤ ሙቀቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ለምን? ይኽንን ለማወቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ይበቃ ነበር፤ መርካቶ ስገባ ከትከሻዬ ላይ ሳይወርድ አልቀረም። የፀሐይ ጨረር መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው ጨርቁን የሚያገኘው። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ጨረሩን ውጦ ይግላል፤ የጋለ ጨርቅ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ እንደ ተሰቀለ ምድጃ ነው፤ ሙቀቱ ብርሃን ሆኖ እንደ ገባ ሁሉ በመስታወቱ አልፎ ወደ ውጭ አይመለስም። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ከብርሃኑ ብዙውን መልሶ በመስታወቱ ያስወጣው ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፀሐይቱን ከመስታወቱ ውጭ ማስቆም ነው። ሸራም ይሁን፥ ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ ምንጣፍም ይሁን፥ እንጨት ርብራብም ይሁን፥ ከውጭ ሲሆን የሚግለው እሱ ነው፤ ሙቀቱንም ነፋስ ይወስደዋል።

አባቶቻችን ይኽንን ያለ ፊዚክስ ያውቁት ነበር፤ ታዛ ማለት ሌላ ምንድን ነው? በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተሠሩት ቤቶችም አንዳንዶቹ በመስኮታቸው ላይ ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት ርብራብ አላቸው፤ ነፋስ ያሳልፋል፥ ፀሐይ ይከለክላል። ዛሬ ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ፎቅ እንሠራና፥ በስተኋላ በውስጥ በኩል በጨርቅ ልናድነው እንሯሯጣለን።

እዚህ ላይ የአገራችንን ፀሐይ ጠባይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ በታኅሣሥ ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። በሁለቱም ወገን ፀሐይቱ ከፍ ብላ የምትቆም ስለሆነ፥ መስኮቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ለዞረ ቤት አንድ ክንድ ያህል የወጣ ታዛ ብዙውን ሥራ ይሠራል። ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ አግድም ስለምትገባ ታዛ አይመልሳትም፤ በመስኮቱ ፊት ቁልቁል የሚወርድ ነገር ያስፈልጋል። ሆኖም የሚወርደው ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፀሐይቱ ካለፈች በኋላ ተጠቅልሎ መውጣት አለበት። መጋረጃ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ መግዛት ያለበት ጨርቅ ሳይሆን ኮምፓስ ነው ብዬ ለአክስቴ ብነግራት «ኮምፓስ ስንት ነው?» አለችኝ።

ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ይፋጃል፥ ጥላዋ ግን ይቀዘቅዛል። ፀሐይቱን ውጭ አስቁሞ መስኮቱን የከፈተ ሰው ማቀዝቀዣ መሣሪያ አያሻውም። የድሬዳዋ ሰው ይኽን ቢሰማ ይቀናብን ይሆናል።

በገበያ ስላሉት ሌሎች ዓይነቶች ጥቂት ልበል። ዜብራ የሚሉት እየተንሸራተተ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ ለቢሮ መልካም ነው፤ ወጥ በሚሠራበት ቤት ግን ቅባትና አቧራ ይዞ በየእጥፋቱ መጽዳቱ አድካሚ ነው። በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ላስቲክ ደግሞ በኔ አስተያየት ከሁሉ የባሰ ነው። ሲጨልምና ሲደምን ሊነሣ አይችልም። ከዚያም በላይ በቀን ውጭው ብሩህ ስለሆነ ከውስጥ ያለው ሰው አይታይም፤ ማታ ግን ውስጥ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውስጥ ያለው የራሱን መልክ ብቻ ያያል፥ ከውጭ ያለው ግን እሱን ቁጭ ብሎ ያየዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ካፌ ማታ ማታ ተሸሽገናል ብለው የሚቀመጡ ጥንዶችን እያየሁ ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ፈልጌ አፍሬ ትቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አክስቴን «ይኽንን ከፋይ እናውርደው» ባልኳት ጊዜ የመለሰችልኝ መልስ ስለ ፀሐይ አልነበረም። «ሰው ሲበላ ይታያል እንዴ?» አለችኝ። ይኽ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በግብር ጊዜ ማዕዳቸውን እስኪጨርሱ በመጋረጃ ይከለሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኞቹን በመጀመሪያ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንዳነጋገሩ ጽፎአል። በየቤታችንም ትልቅ ሰው ሲጠጣ በነጠላ ወይም በጋቢ ይጋረድለት ነበር። የዓይን ነገር ያስፈራል። በጾም ወራትም የፍስክ ምግብ የሚበላ ደንበኛ በመንገደኛ ፊት መታየት አይወድም፤ መንገደኛውም ማየት አይወድም። ይኽንን ሁሉ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መሣቅ በኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፥ እኔ አልሥቅም። በሚጾም ሰው ፊት ሥጋ አለመብላት ጨዋነት ነው።

ነገር ግን በአክስቴ መስኮት በኩል አንድ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ ነበር። ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆን ነው። መጋረጃው ከመሰቀሉ በፊት 8 ሰዓት ገደማ መጥቶ መስታወቱን ተደግፎ ይቆም ነበር፤ አስተናጋጇም ስታየው ከጓዳ እንጀራ በወጥ ጠቅልላ በበሩ ታወጣለት ነበር። ማንም ያዘዛት የለም፤ ስላየችው ነው። ከፋዩ ከተሰቀለ በኋላ ስለማታየው ማውጣቱን ተወች። ልጁ አንዳንድ ቀን መጥቶ እንደ ቆመ፥ እንደ ሄደም በውስጥ ያለን ሰዎች አናውቅም ነበር። ይኽንን ያወቅሁት እኔ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ከውጭ በኩል ቀዩን ጨርቅ ሲመለከት አግኝቼው ነው። ያን ጨርቅ ደግሞ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አንዳንድ ደንበኛ በግልጽ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ «መጋረጃው ጥሩ ነው፤ እነሱ እያዩህ ምግብ አይበላም።» ይኽ አነጋገር ከላይ ካልኩት ጨዋነት ጋራ አንድ አይደለም። ያኛው የሌላውን ጾም ማክበር ነው፤ ይኽኛው ግን የሌላውን ረኃብ ላለማየት መክፈል ነው። ሁለቱንም የምንገዛው በአንድ ጨርቅ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠፋብናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከአክስቴ ጋራ ሁለት ሳምንት ተከራክረን የደረስንበት ይኽ ነው። ከውጭ፥ ከመስኮቱ በላይ፥ በገመድ የሚወርድና የሚጠቀለል ነጭ ሸራ አስተከልን፤ የተሰቀለበት ብረት የእግረኛውን ራስ እንዳይነካ ከፍ ተደረገ። በውስጥ በኩል ደግሞ ከመስኮቱ ደፍ አንሥቶ በተቀመጠ ሰው አንገት ልክ የሚቀር ግማሽ መጋረጃ ሰቀልን። ጨርቁ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የተገዛ ስስ የጥጥ ሸማ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፥ በየሳምንቱ በሳሙና ይታጠባል፥ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ትሪው ከመንገድ አይታይም፤ የሚበላው ሰው ፊት ግን ይታያል፥ እሱም መንገዱን ያያል። በሁለት ዘንግ የተሰቀለ ስለሆነ በጾም ጊዜ የላይኛው ግማሽ ሊጨመርበት ይቻላል። አክስቴ ይኽንን የመጨረሻውን ባታስገባ ኖሮ በውሉ አትስማማም ነበር።

ዋጋው? ሸራው፥ ብረቱና ሸማው ተደምሮ ከከፋዩ ጥቂት አነሰ፤ በቀን የሚበራው መብራትም ጠፋ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ማታ ማታ ሰው ይቀመጥባቸዋል፤ አንዱን እኔ ለጥናት ይዤዋለሁ፤ አክስቴ ሻይ ሳላዝዝ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ ክልክል ነው ትለኛለች እንጂ።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። አስተናጋጇ ከሸማው በላይ ግንባሩን ብቻ አይታ አወቀችው። ከፋዩን በተመለከተ ግን አክስቴ የሰጠችኝን ገንዘብ እስካሁን በየአጋጣሚው ታነሣብኛለች፤ ጨርቁም ታጥፎ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጦአል፤ የሚገዛ ካለ ሽታው ገና አልለቀቀም።