ግፊትን በቤት መለካት መልካም ነው፤ መድኃኒትን በራስ ማቆም ግን አይደለም

የደም ግፊትን ለማወቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተራ መጠበቅ ግድ የነበረበት ጊዜ እያለፈ ነው። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ አየር ሞልቶ ራሱ የሚያስተነፍስ መለኪያ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጣል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድም ለወላጆቹ በሻንጣው ይዞት ይመጣል።

ይህ የሚበረታታ ነው። የደም ግፊት ሕመም ለዓመታት ያለ ምልክት ቆይቶ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው ሕመሙ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር፣ በተቃራኒውም ሐኪም ዘንድ ደህና ሆኖ ቤት የሚጨምርባቸው ሰዎችም አሉ። ይህንን ለመለየት የቤት ልኬት ትልቅ እገዛ አለው።

ሆኖም መሣሪያው ቤት ሲገባ አብሮት የሚመጣ አደጋ አለ። አንዳንድ ታካሚዎች ማሽኑ 120 በ80 ሲያሳያቸው «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒታቸውን ያቆማሉ። ልብ ይበሉ! መድኃኒት እየወሰዱ ቁጥሩ ከተስተካከለ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት እንጂ ሕመሙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሌሎች ደግሞ ቁጥሩ አንድ ቀን ከፍ ሲል ደንግጠው ተጨማሪ ኪኒን ይውጣሉ፤ ከጎረቤት የሚዋሱም አይጠፉም። ሁለቱም መንገዶች ለስትሮክ ወይም ራስን ስቶ ለመውደቅ ሊያጋልጡ ይችላሉ።

ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከዚህ ስሕተት ይጠብቃል። ሐኪሙ በማዳመጫ የሚለካው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ የደም ሥርን ድምፅ ሰምቶ ነው። አብዛኛው የቤት ማሽን ግን ድምፅ አይሰማም። በክንድ ላይ በታሰረው ጨርቅ ውስጥ የደም ሥሩን ንዝረት ተቀብሎ ቁጥሩን ያሰላል። ስለዚህ ሲንቀሳቀሱ ወይም ሲያወሩ ስሌቱ ይዛባል።

እንግዲያው ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ከባድ እንቅስቃሴም አያድርጉ። ቡና እየተፈላ፣ ጨዋታው በደመቀበት መሐል የሚደረግ ልኬት አያስተማምንም። ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው ለ5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። ጨርቁን በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይሰሩ። ለክንድዎ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊትና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ለክተው በደብተር ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪዎቹ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪምዎን ያማክሩ። ደብተሩንም ማሽኑንም ይዘው ቢሄዱ፣ ባለሙያው ከራሱ መለኪያ ጋር ያነጻጽርልዎታል።

ሲገዙ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ቢቀልም እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ውጤቱ ይለዋወጣል። ክንድ ሳያስሩ ግፊት እንለካለን የሚሉ ዘመናዊ የእጅ ሰዓቶችም ለሕክምና ውሳኔ ገና አይመከሩም። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማቸው አስቀድመው ባለሙያ ይጠይቁ።

ቁጥሩ 180 በ120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ደግመው ለመለካት ጊዜ አያጥፉ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክት ከሌለ ጥቂት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ባለሙያ ያማክሩ።

መሣሪያው የሐኪምዎ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ግፊትዎን በቤትዎ ይለኩ፣ ይመዝግቡ። መድኃኒት የመቀነስ፣ የመጨመር ወይም የማቆም ውሳኔን ግን ሁልጊዜ ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ይወስኑ።