ካፒቴኑ የፈረመባት ወረቀት፦ የጥንት የመርከብ ሰነዶችን ስለ መሰብሰብ

ወደ አገር ቤት መኪና ወይም ሌላ ዕቃ በመርከብ የላከ ሰው «ቢል ኦፍ ሎዲንግ» የምትባለውን የጭነት ሰነድ ያውቃታል። ዕቃውን ከወደብ ለማስወጣት የምትጠየቀው እሷ ናት። ወረቀቷ ግን የዛሬ ፈጠራ አይደለችም። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለችም ከቦስተን ወይም ከፊላደልፊያ ጭነት ይዞ የሚነሳ ካፒቴን ይፈርምባት ነበር። ዛሬ እነዚህን ወረቀቶች ፈልገው የሚገዙና በክብር የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች አሉ። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት ስለ እነሱ እናውጋ።

ቅጹን ማተሚያ ቤቶች አትመው ይሸጡት ነበር፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በፊላደልፊያ ሱቁ እንዲህ ያሉ ባዶ ቅጾችን ይሸጥ ነበር። አጀማመሩ ዕቃው «በእግዚአብሔር ቸርነት» መጫኑን ይናገራል፤ መጨረሻው ደግሞ መርከቧ በሰላም እንድትደርስ የሚለምን ጸሎትና «አሜን» ነው። በመካከል የላኪው፣ የመርከቧና የካፒቴኑ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ መድረሻውና የማጓጓዣው ዋጋ በእጅ ይሞላል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲገኝ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቅጂ ይፈረም ነበር። በአንደኛው ዕቃው ከተረከበ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። ፊርማው ቃል ኪዳን ነው፦ ዕቃውን በደህና ተረክቤያለሁ፣ የባሕር አደጋ ካልከለከለኝ በደህና አስረክባለሁ ማለት ነው።

በገበያው ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ግን የፈራሚው ዝና ነው። ለምሳሌ ጆን ሃንኮክ የነጻነት አዋጁን ከመፈረሙ በፊት የቦስተን ታላቅ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1768 «ሊበርቲ» የተባለች መርከቡን የጉምሩክ ሰዎች ሲይዙበት ከተማው በረብሻ ታምሷል። የእሱ ፊርማ ያለበት የንግድ ወረቀት ውድ ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ካፒቴን የፈረመበት ግን በእጅጉ ይረክሳል። ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ዝነኛ ስም አጭበርባሪ ይጠራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮበርት ስፕሪንግ የተባለ ሰው በፊላደልፊያ የጆርጅ ዋሽንግተንን ፊርማ በአሮጌ ወረቀት ላይ እያስመሰለ ለብዙ ሰው ሸጧል። ያልታወቀን ካፒቴን ፊርማ ለማስመሰል ማን ይደክማል?

ቢሆንም ከመግዛት በፊት መመርመር ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ወረቀት ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲያዙት የወንፊቱ መስመሮች ይታያሉ። ከእንጨት የሚሠራው ወረቀት የተስፋፋው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ቀለሙም በዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማ ያደላል።

ቀኑንም አስተውሉ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በጁልያን ካሌንደር ይቆጥሩ ነበር፤ በሕግ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ በፌብሩዋሪ በተጻፈ ወረቀት ላይ «1731/32» የሚል ቀን ብታዩ ስህተት አይደለም። በ1752 ካሌንደሩን ሲለውጡ ደግሞ የሴፕቴምበር 2 ማግሥት 14 ሆነ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1752 ቦስተን ላይ ተፈረመ የሚል ወረቀት ከቀረበላችሁ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። በሁለት ካሌንደር መኖር ለለመድን ለእኛ ይህ ሒሳብ አይከብደንም።

ሌላው ጥያቄ ወረቀቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። የነጋዴ ወረቀት በውርስ ሊተላለፍ ይችላል። የጉምሩክና የፍርድ ቤት መዝገብ ግን የመንግሥት ንብረት ነውና ተሰርቆ የወጣ ከሆነ ገዢው ሊነጠቅ ይችላል። ሻጩ የወረቀቱን ታሪክ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ጭነቱ ሰው ሲሆን ነው። በዚያ ዘመን ከስኳርና ከትምባሆ ጎን አፍሪካውያን እንደ በርሜል በቁጥር ተመዝግበዋል። የቻርልስተኑ ነጋዴ ሄንሪ ሎረንስ በባሪያ ንግድ ከበረ፤ በ1777 ደግሞ የኮንቲኔንታል ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነ። የእሱን ፊርማ የሚፈልግ ሰብሳቢ ይህንንም አብሮ ይወቅ። በ1761 ከአፍሪካ ቦስተን የደረሰችውን ሕፃን ገዢዎቿ በጫናት መርከብ ስም «ፊሊስ» አሏት። ፊሊስ ዊትሊ ተብላ ዝነኛ ባለቅኔ ሆነች፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ የገባ ሰው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሊያስቀምጠው አይገባም። ቢያንስ ጥርት ያለ ቅጂውን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሙዚየም ይስጥ። የዘር ሐረጉን ለሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ በዚያ ወረቀት ላይ ያለ አንድ ስም ብቸኛው ፍንጭ ሊሆን ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ የተደበቀ ጽሑፍ ግን አይወረስም።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ላሚኔት አታስደርጉት፣ በፕላስተር አትጠግኑት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ከአሲድ ነጻ በሆነ አቃፊ ውስጥ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። የአባቶቻችሁን ደብዳቤና የስደት ወረቀታችሁንም እንዲሁ አስቀምጡ። መግዛት ለማይፈልግ ደግሞ በኮኔቲከት የሚስቲክ ሲፖርት፣ በቨርጂኒያ ኒውፖርት ኒውስ ደግሞ የማሪነርስ ሙዚየም አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና የባሕር ጉዞን ታሪክ አሳዩአቸው።