ከኮሪያ የተመለሰው የመቶ አለቃ ስሙ ማን ነበር?

ወገን፣ እስቲ አንድ ጥያቄ። ኮሪያ ዘምተው እዚያው ከወደቁት የቃኘው ሻለቃ ወጣት መኮንኖች የአንዱን ስም ጥሩ። አንድ ብቻ።

የአርሴናልን ተቀያሪ ተጫዋቾች ሳይቀር በቃሉ የሚደረድር ወጣት እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ይሄ ዝምታ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከየት እንደመጣ እንነጋገር።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበርን። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፣ ሰሚ ግን አልተገኘም። በ1942 ሰኔ ላይ ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወርና የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲያደርግ፣ ኢትዮጵያ ለራሷ ያልተፈጸመላትን ቃል ለሌላው ልትፈጽም ተነሣች። ከክቡር ዘበኛ አንድ ሻለቃ ተዘጋጀ። በራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ። በ1943 ሚያዝያ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያ በመርከብ ተጭኖ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ ጦርነቱ እስኪያበቃ ቆዩ። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

የወጣቱ መቶ አለቃ ሥራ ምን ነበር? ጦርነቱ እየቆየ ሲሄድ ሁለቱም ወገን ኮረብታ ኮረብታውን ይዞ፣ ምሽግ ቆፍሮ ተፋጠጠ። ቀን መድፍ ነው። ማታ ግን ጥቂት ሰዎች ከምሽግ ወጥተው፣ በጨለማ ሸለቆውን ወርደው፣ ጠላት የት እንዳለ ማጣራትና ደፈጣ መያዝ ነበረባቸው። እነሱን ይዞ የሚወጣው ያ ወጣት መኮንን ነው። በካርታ ላይ ጣት ቀስሮ «ሂዱ» የሚል ሳይሆን «ተከተሉኝ» የሚል። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ባሳተመው መጽሐፍ የነዚህን ኢትዮጵያውያን የሌሊት ቅኝት በአድናቆት ጽፎታል።

በሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ ሲቆም ቃኘው አንድም ምርኮኛ አልሰጠም ነበር። አንድም ሬሳ ትቶ አልመጣም። እስቲ ይሄን ቆም ብላችሁ አስቡት። የወደቀ ጓደኛን በጥይት መሐል ጎትቶ ማውጣት ሌላ ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። እያወቁ ጎተቱት። ዛሬ ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም፣ ሁሉም አገራቸው ገብተዋልና።

ጓደኞቻቸው ሬሳቸውን አልተዉም። ስማቸው የተተወው እዚህ፣ በገዛ አገራቸው ነው።

እንዴት? በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ክቡር ዘበኛ ከቀሪው ጦር ጋር ተታኮሰ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ ስም በጥርጣሬ የሚነሣ ሆነ። በ1966 ደርግ መጣ። ደርግ የፒዮንግያንግ ወዳጅ ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት ራሱ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን «እኔ ሰሜን ኮሪያን ወግቻለሁ» ብሎ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ የሚሰካ ማን አለ? ሽማግሌው ዝም አለ፣ ልጁም ሳይሰማ አደገ፣ የልጅ ልጁ እኛ ነን።

በዚህ ሁሉ ዓመት ኮሪያ አልረሳችም። ቹንቾን ከተማ ላይ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሐውልት አቁማለች። አጠገቡ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ቡና የሚፈላበት «ኢትዮጵያ ቤት» አለ። የዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ስኮላርሺፕ ያገኛሉ። እኛ ጋ ግን ቁጥሩ ራሱ አልተስማማም። የሞቱት አንዱ መዝገብ ላይ 121፣ ሌላው ላይ 122 ናቸው። የዘመቱት አንድ ቦታ ከ3,500 በላይ፣ ሌላ ቦታ ከ6,000 በላይ ይባላል። በ121 እና በ122 መካከል ያለው ልዩነት ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው ነው። እናት ያለው ሰው።

«የአሜሪካን ጦርነት ነው የተዋጉት፣ ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ነውር የለውም። ስለ ንጉሡ ውሳኔ የፈለግነውን እንከራከር። ያ ልጅ ግን ውሳኔውን አልወሰነም። ሰንደቅ ዓላማ ተሰጥቶት፣ በኢትዮጵያ ስም ተልኮ፣ በኢትዮጵያ ስም ሞተ። የላከው መንግሥት ቢወድቅም የሞተላት አገር አለች። ዕዳው የአገር ነው፣ በመንግሥት ለውጥ አይሰረዝም።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ የሞተ ወታደር ስም ሲነሣ ቀድመን «የየት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ሬሳ ሲጎትት የነበረ ወታደር ይሄን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባልተመለሱ ነበር።

ያ መቶ አለቃ የኛ ዕድሜ ነበር። እኔ ዲግሪዬን ይዤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር በምቆምበት ዕድሜ እሱ የሰው ነፍስ ተረክቦ ነበር። ያኔ ኮሪያ ፍርስራሽ ነበረች፣ ዛሬ ስንቱ ጓደኛችን ኮሪያ ለመሄድ ፎርም እየሞላ ነው። ይሄን የምለው ለማላገጥ አይደለም። አገር ወድቃ እንደምትነሣ ማስረጃው እዚያው ቆሟል፣ መሠረቱ ውስጥ ደግሞ የኛ ሰው ደም አለ ለማለት ነው።

ስለዚህ ሥራ እንሥራ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄዳችሁ እዩ። ቤተሰባችሁ ውስጥ ዘማች የነበረ ካለ አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ነገ ሊመሽ ይችላል። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ፎቶ አውጡት፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡት። ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ማዕረጉን ጻፉ። በልጅነቱ ምን ይባል እንደነበር ሳይቀር ጻፉ። መንግሥት እስኪያደርገው አንጠብቅ።

ከጥይት መሐል ጎትተው ያመጡልንን፣ እኛ ከመረሳት ጎትተን እናውጣ።

ክብር ለቃኘው ሰማዕታት!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!