«እንመለስ» የሚል ጓደኛ

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ስንቅ ቋጥሮ ከወዳጅ ጋር ሩቅ አገር ለማየት መነሣት የብዙ ወጣቶች ምኞት ነው። በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በአሪዞናና በዩታ ግዛቶች የሚገኙት የበረሃ ሸለቆዎች ይህን ምኞት ይዘው በመኪና የሚመጡ እጅግ ብዙ መንገደኞችን በየዓመቱ ይቀበላሉ። መንገደኞቹ ከመነሣታቸው በፊት ስለ መኪናው ጎማ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጫማውና ስለ ፎቶግራፍ መሣሪያው አብዝተው ያስባሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የጓደኛው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጓደኛ የሚመረጠው በጨዋታው፣ በጉልበቱ ወይም በድፍረቱ ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ለከተማ ሽርሽር ይበቃ ይሆናል፤ ለበረሃ ሸለቆ ግን አይበቃም። በዚያ ስፍራ ሰውን ከሞት የሚያድነው ከጉልበትና ከድፍረት ይልቅ በጊዜው «እንመለስ» ብሎ የሚናገር ጓደኛና ይህን ቃል ያለ ቅሬታ ሰምቶ የሚመለስ ባልንጀራ ነው።

የዚህ አባባል እውነትነት የሚገለጠው የምድሩ ጠባይ ሲታወቅ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን በሚገመቱ ዓመታት ውስጥ ዐለቱን እየሸረሸረ ግራንድ ካንየን የተባለውን ታላቅ ሸለቆ አበጅቷል። ሸለቆው 446 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ1,800 ሜትር ይበልጣል። ግራንድ ካንየን እ.ኤ.አ. በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያው ዓመት የቨርጂን ወንዝ የቦረቦረው የዛየን ሸለቆም ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ ዛየን በአማርኛ ጽዮን የሚባለው ስም ነው። ብራይስ ካንየን በ1928፣ ካንየንላንድስ በ1964፣ አርችስ ደግሞ በ1971 ተከተሉ። ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው የሚደረገው ጉዞ ረጅም ነው። በግራንድ ካንየን በደቡብና በሰሜን አፋፍ ያሉት ዋና ዋና የጎብኚዎች ስፍራዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ በመካከላቸው ያለው ርቀት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ዞሮ ለመድረስ ግን 340 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ መኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት አብረው ይቀመጣሉ። ማን ታጋሽ እንደ ሆነ፣ ማን ምክር እንደሚሰማ፣ ማንስ ሲሳሳት እልኸኛ እንደሚሆን የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። አስተዋይ መንገደኛ ወደ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት ጓደኛውን በመንገድ ላይ ያጠናል፤ ራሱንም ጭምር ይመረምራል።

በሸለቆ ውስጥ የሚደረግ የእግር ጉዞ ከተራራ ጉዞ የተለየ አደጋ አለው። ተራራ የሚወጣ ሰው ገና ሲጀምር ይደክመዋል፤ ድካሙም አቅሙን ይነግረዋል። ሊመለስ ቢወድ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ይቀለዋል። በሸለቆ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገደኛው በማለዳው ቀዝቃዛ አየር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለው አፋፍ ተነሥቶ ቁልቁል ሲወርድ እግሩ ይፈጥናል፤ ልቡም ይደሰታል። ዳገቱ የሚጠብቀው ውኃው ባለቀ፣ ጉልበቱ በዛለና ፀሐዩ በበረታ ጊዜ ነው። የዓባይን በረሃ በእግሩ ወርዶ የወጣ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ የሃቫሱፓይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀምበት የነበረውና ዛሬ ብራይት ኤንጅል የተባለው የግራንድ ካንየን መንገድ ከደቡቡ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በበጋ ወራት በሸለቆው ግርጌ ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ይሄዳል። ስለሆነም የፓርኩ ጠባቂዎች እስከ ወንዙ ወርዶ በዚያው ቀን ለመመለስ መሞከር እንደማይገባ ያስጠነቅቃሉ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስም በጥላ ሥር ማረፍን ይመክራሉ። ማስጠንቀቂያውን ከሚንቁት መካከል ጤናማና ብርቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ደካማው ድካሙን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል፤ ብርቱው ግን በጉልበቱ ተማምኖ ከሚገባው በላይ ይወርዳል።

ሙቀት ሰውን የሚጎዳበት መንገድም የጓደኛን አስፈላጊነት ያጎላል። ሰውነት በላብ አማካይነት ውኃና ጨው ያጣል። የጠፋውን ውኃ ብቻ እየተኩ ጨው ያለበት ምግብ አለመብላት ራሱን የቻለ ሕመም ያስከትላል፤ ጨርሶ አለመጠጣትም ይገድላል። የሰውነት ሙቀት ከልክ ሲያልፍ አእምሮ ይደነዝዛል፤ ንግግር ይወላገዳል፤ አካሄድ ይንገዳገዳል። አደገኛው ነገር በዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው መታመሙን ራሱ ላያውቅ መቻሉ ነው። «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። ፊቱ መገርጣቱን፣ ቃሉ መዘበራረቁን፣ እርምጃው መሳቱን የሚያየው ሌላ ዓይን ነው። ያ ዓይን የጓደኛው ነው። ጓደኛው ያየውን በይሉኝታ ከሸፈነው ግን አብሮ መሄዱ ምንም አልጠቀመም።

ሁለተኛው አደጋ፣ የሚያስገርም ቢመስልም፣ በበረሃ ውስጥ ውኃ ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ብሂል በእነዚህ ሸለቆዎች ቃል በቃል ይፈጸማል። በአሪዞናና በዩታ ውኃ የአሸዋ ድንጋዩን እየሰነጠቀ ያበጃቸው፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ግራና ቀኙን ሊነካ የሚችልባቸው ጠባብ የድንጋይ ሰርጦች ብዙ ናቸው። የፀሐይ ብርሃን በቀይ ግድግዳቸው ላይ ሲያርፍ ውበታቸው ዓይን ይማርካል። ይሁን እንጂ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ በድንገት ይጥላል። ምድሩ ባዶ ዐለት በመሆኑ የወረደውን ውኃ አይመጥም፤ ጎርፉ ሁሉ ወደ ሰርጦቹ ይሰበሰባል። ዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊዘንብ፣ በሰርጡ ውስጥ ላለው ሰው ግን ሰማዩ ጠርቶ ሊታየው ይችላል። ደራሽ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997 በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ በሚገኘው አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ የነበሩ 11 ጎብኚዎች ርቆ በዘነበ ዝናብ ምክንያት በመጣ ደራሽ ውኃ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ሰርጥ ያለ መንገድ መሪ መግባት ተከልክሏል። በመስከረም 2015 ደግሞ በዛየን ፓርክ ኪሆል በተባለው ጠባብ ሰርጥ ውስጥ አብረው የገቡ 7 ሰዎች ሁሉም በጎርፍ ጠፉ። በዚያ ቀን ደራሽ ውኃ ሊመጣ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። ሙታንን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ከሞታቸው አለመማር ግን ከዚያ የከፋ ነው። ትምህርቱም ይህ ነው፦ በሰርጥ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግድግዳው ለመውጣት አይመችም፤ መሮጫም የለም። ስለዚህ «እንመለስ» የሚለው ቃል መነገር ያለበት በሰርጡ በር ላይ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ መመለስ ሞኝነት በሚመስልበት ሰዓት ነው። ይህንን ቃል በዚያ ሰዓት ለመናገር ወደ ውስጥ ለመግባት ከሚያስፈልገው የሚበልጥ ድፍረት ያስፈልጋል።

«ጓደኛ ከሚያስቸግር ብቻን መሄድ ይሻላል» የሚሉም አይጠፉም። ለእነዚህ የአሮን ራልስተን ታሪክ በቂ መልስ ይሆናል። ራልስተን በተራራና በሸለቆ ጉዞ የተለማመደ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ብቻውን በዩታ ብሉጆን ወደተባለው ሰርጥ ገባ። በዚያም ቋጥኝ ተንሸራቶ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ከ5 ቀን በላይ በዚያው ቆይቶ፣ ውኃው አልቆ፣ በመጨረሻ በያዘው ትንሽ ቢላዋ የገዛ እጁን ቆርጦ ወጣ። ዓለም ሁሉ ጽናቱን አደነቀ፤ መደነቁም የሚገባ ነው። ነገር ግን አንድ ጓደኛ አብሮት ቢኖር ሄዶ እርዳታ በጠራለት ነበር። ቢያንስ ያሰበበትን ስፍራ ለአንድ ሰው ነግሮ ቢሆን ኖሮ ፈላጊዎቹ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ገና ከመነሻው ባወቁ ነበር።

ከዚህ የጠነከረ ተቃውሞም አለ። «ሁልጊዜ እንመለስ የሚል ሰው ምን ያያል? ሸለቆዎቹን የመረመሩት ያልተመለሱት አይደሉምን?» ይባላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869 አንድ እጁን በጦርነት ያጣው ጆን ዌስሊ ፓወል 10 ሰዎች ሆነው በ4 ጀልባዎች የኮሎራዶን ወንዝ ለማጥናት ተነሡ። አንደኛው ሰው አስቀድሞ ተለየ። ጉዞው ሦስት ወር አልፎት ስንቃቸው ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ከፊታቸው ከባድ ፏፏቴያማ ውኃ ገጠማቸው። በነሐሴ 28 ቀን ሦስቱ ሰዎች «ከዚህ በላይ አንሄድም» ብለው በእግር ወጡ፤ ስድስቱ በውኃው ቀጠሉ። ስድስቱ በ2 ቀን ውስጥ ከታላቁ ሸለቆ በደኅና ወጡ። ሦስቱ ግን ከዚያ በኋላ አልታዩም፤ የሞታቸው ነገርም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ይህ ታሪክ ላይ ላዩን ሲታይ መመለስን የሚነቅፍ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። እነዚያ ሰዎች በካርታ ላይ ባልሰፈረ ምድር ውስጥ ነበሩ፤ ከፊታቸው ያለውንም ሆነ ከኋላቸው የሚጠብቃቸውን አያውቁም ነበር። የዛሬው መንገደኛ ግን ካርታ አለው፤ የአየር ጠባይ ትንበያ ይደርሰዋል፤ ጠባቂዎችም ያስጠነቅቁታል። ደግሞም መለያየቱ የመጣው ረኃብና ድካም ልብን ባጠበበበት ሰዓት ነው። ክርክር በእንዲህ ያለ ሰዓት ሲጀመር መልካም ፍሬ አያፈራም። ስለዚህ የመመለስ ነገር መቆረጥ ያለበት ሆድ በጠገበበት፣ አእምሮም በተረጋጋበት፣ ጉዞው ገና ባልተጀመረበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ በረሃ ሸለቆ አብረው የሚጓዙ ጓደኛሞች ከመኪናቸው ከመውረዳቸው በፊት በሦስት ነገሮች ሊስማሙ ይገባል። አንደኛ፣ የመመለሻውን ሰዓትና የውኃውን ልክ አስቀድመው ይወስኑ፤ ሰዓቱ ከደረሰ ወይም ከኮዳው ውስጥ የተወሰነው ያህል ከጎደለ፣ የፈለጉት ስፍራ መቶ እርምጃ ቢቀረው እንኳ ይመለሱ። ሁለተኛ፣ የደካማው ቃል የሁለቱም ሕግ ይሁን፤ «እንመለስ» ያለውን ማንም ምክንያት አይጠይቀው፤ ከጉዞው በኋላም በጨዋታ መካከል እንኳ አይዘበትበት። ሦስተኛ፣ የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሌላ ሰው ነግረው ይሂዱ።

ከሦስቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው በበረሃ የሚጎዳው እውቀት አጥቶ ሳይሆን «ፈሪ እባላለሁ፣ የጓደኛዬን ደስታ አበላሻለሁ» በሚል ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰው ሰውን እንዲያከብር ያደርጋል። በገደል አፋፍ ላይ ግን ይሉኝታ አሳልፎ የሚሰጥ መሪ ነው። ሁለት ሰዎች በልባቸው መመለስን እየፈለጉ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም ሲል ወደ ጥፋት ሊወርዱ ይችላሉ። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ገንዘብ ወጥቶ፣ ቀን ተቆጥሮ የተደረገ ጉዞ በመንገድ ሲቋረጥ ማሳዘኑ አይቀርም። ሆኖም «ከመሞት መሰንበት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ውኃ ለሚሊዮን ዓመታት የፈለፈለው ሸለቆ ለሚቀጥለው ዓመት የዕረፍት ጊዜም በቦታው ይገኛል። አንድ ጊዜ የጠፋ ባልንጀራ ግን ዳግመኛ አይገኝም። ስለሆነም ወጣቶች የጉዞ ጓደኛ ሲመርጡ «እስከ የት አብሮኝ ይሄዳል?» ብለው ብቻ ሳይሆን፣ «መመለስ ሲያስፈልግ ይነግረኛልን? እኔስ ስነግረው ይሰማኛልን?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።